ልጅ ዓይኑን ከተመታ አትሹት

ቡሄ ሲቃረብ በጎጃም መንደሮች ጅራፍ ይጮሃል። ደስ ይላል፤ የጅራፉ ጫፍ ግን ያስፈራኛል። ልጆች ዓይናቸውን የሚጎዱት ብዙውን ጊዜ በጨዋታና በሥራ መሀል ነው። ዱላ፣ ድንጋይ፣ እሾህ፣ የፍልጥ ስንጣሪ። ጅራፍ ሲጮህም ሆነ እንጨት ሲፈለጥ ትንንሾቹን ራቅ አድርጓቸው።

ጉዳት ከደረሰ ዓይኑን አትሹ፣ አትጫኑ። የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉ። ንጹህ የፕላስቲክ ኩባያ ዓይኑን ሳይነካ አጥንቱ ላይ አሳርፋችሁ በጨርቅ እሰሩና ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት። ኖራ ወይም በረኪና ከገባ ግን መጀመሪያ መታጠብ ነው። በንጹህ ውኃ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ሳታቋርጡ። ከዚያ ወደ ሐኪም።

እባካችሁ የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ምራቅ አታስገቡ። ከጎረቤት የተረፈ የዓይን ጠብታም እንዲሁ። አንዳንዱ ጠብታ መቅላቱን ያጠፋና ውስጥ ያለውን ኢንፌክሽን ያባብሳል። በተለይ በእሾህ ወይም በቅጠል የተወጋ ዓይን በፈንገስ ሊመረዝ ይችላል።

ሕመሙ ስለቀነሰ ብቻ «ዳነ» አትበሉ። ጥቁሩ ላይ ነጭ ጠባሳ ሊቀር ይችላል። የዓይን ሞራ ደግሞ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በትንሽ ልጅ ላይ ሌላም ችግር አለ። የተጎዳው ዓይን በደንብ ካላየ አእምሮው ያንን ዓይን መጠቀም ይተዋል፤ ይህ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት ካልታከመ በኋላ ማስተካከል ይከብዳል። ልጁ ራሱ ላያውቀው ይችላል፣ በአንዱ ዓይኑ ያያላ! ቤት ውስጥ ዓይኖቹን ተራ በተራ ሸፍናችሁ ጣት አስቆጥሩት።