ለሪምፋየር ቤንችረስት ጀማሪዎች፦ የፊት መደገፊያና የአሸዋ ከረጢት አመራረጥ

ሪምፋየር ቤንችረስት ማለት ጠመንጃን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ በ.22 ሎንግ ራይፍል (በትንሹ የ.22 ጥይት) ዒላማ መተኮስ ነው። እንዲህ ሲተኮስ የጠመንጃውን ክብደት ከፊት መደገፊያው፣ ከኋላ የአሸዋ ከረጢቱ ይሸከሙታል። ተኳሹ ያነጣጥራል፣ ነፋሱን ያያል፣ ቃታ ይስባል። መደገፊያ ለመግዛት ሲነሱ ከዋጋው በፊት አንድ ሒሳብ ይሥሩ። ከፊት መደገፊያው እስከ ኋላ ከረጢቱ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ዒላማው ደግሞ 50 ሜትር ላይ ነው እንበል። የጠመንጃው ፊት 1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ማነጣጠሪያው ዒላማው ላይ 71 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። የ0.1 ሚሊ ሜትር ልልነት ብቻ ነጥቡን 7 ሚሊ ሜትር ይገፋዋል፤ ጥይቱ ራሱ ውፍረቱ 5.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በመደገፊያ ላይ ከሁሉ በፊት የሚፈተሸው ልልነት ነው።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው መደገፊያው ላይ ያስቀምጡትና በመነጽሩ እያዩ የመደገፊያውን አናት በአንድ ጣት ገፋ አድርገው ይልቀቁ። የመስቀል ምልክቱ ወደነበረበት ከተመለሰ ደህና ነው። ባለበት ከቀረ፣ ወይም በተገፋ ቁጥር ሌላ ቦታ ላይ ከቆመ፣ ችግሩ የምሰሶው (የመደገፊያውን አናት ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዘንግ) ማሰሪያ ወይም የጎን ተንሸራታቹ ነው። ማሰሪያውን ሲያጠብቁ ማነጣጠሪያው የሚዘል ከሆነም ያው ነው፤ በየጥይቱ ያንኑ ያደርጋል።

በአሠራር ሁለት ዓይነት መደገፊያ በብዛት ይታያል። አንደኛው ባለ ማዞሪያ ነው፦ ምሰሶው በግምት ከፍ ዝቅ ተደርጎ ይታሰርና ጥቃቅኑ በሁለት ማዞሪያዎች ይስተካከላል፣ አንዱ ለከፍታ፣ አንዱ ለግራና ቀኝ። ሌላው እንደ ፋርሊና ሰብ ያሉ አምራቾች የሚሠሩት ባለ ጆይስቲክ ነው፤ አንድ ዘንግ ይዞ በሁሉም አቅጣጫ ማነጣጠር ይቻላል። የተለመደው የሪምፋየር ቤንችረስት ወረቀት 25 የሚተኮስባቸው ክቦች ስላሉት በየጥይቱ ቦታ መቀየር አለ፤ ነፋሱ ለአፍታ ተስማሚ ሲሆን ባለ ጆይስቲክ ይቀድማል። ያም ሆኖ ልልነት የሌለው ባለ ማዞሪያ ለጀማሪ ይበቃል። ከፍታ ብቻ የሚያስተካክለውን ግን አይግዙ። ግራና ቀኙ የሚገኘው መደገፊያውን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ በመግፋት ሲሆን በእጅ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሚገፋ ሰው የለም።

የማዞሪያው ጥርስም ይታይ። አንድ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር የሚያነሳ ብሎን ዒላማው ላይ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ይዘላል፤ ጥርሱ በደቀቀ ቁጥር እጅ ይታዘዛል። ክብደቱ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ቢሆን ጥሩ ነው። ፊትና ኋላው አንድ ላይ የተያያዘ መደገፊያ ከማዘዝዎ በፊት የሚወዳደሩበትን ደንብ ያንብቡ፤ የሚከለክሉ አሉ።

የፊት ከረጢቱ ስፋት ከጠመንጃው ይወሰዳል። ለቤንችረስት የተሠራ ሰደፍ ፊቱ ብዙ ጊዜ 76 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቀጠን ያለው 57 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከረጢቱ ላይ የሚያርፈውን ቦታ በካሊፐር ይለኩ። የከረጢቱ ጆሮዎች (በግራና በቀኝ ከፍ ያሉት ጫፎች) ጎኑን ይንኩ እንጂ አይጭመቁት፤ ባዶው ጠመንጃ በሁለት ጣት ሲሳብ ሳይያዝ ወደ ኋላ መንሸራተት አለበት። የአደን ጠመንጃ ሆዱ ክብ ስለሆነ ጠፍጣፋ ከረጢት ላይ ይንከባለላል፤ ለእሱ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ከረጢት ይፈለጋል።

ለኋላው ጆሮ ያለው፣ ከታች ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ የቆዳ ወይም የኮርዱራ (ጠንካራ የናይለን ጨርቅ) ከረጢት ይምረጡ። በእጅ እየተጨመቀ ከፍታ የሚስተካከልበት ለስላሳ ከረጢት ለሜዳ ተኩስ ነው። እዚህ ከፍታው ከፊት ስለሚስተካከል የኋላው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ከኋላ ከረጢቱ ላይ አይቆጥቡ፦ ደህና መደገፊያን መጥፎ ከረጢት ያበላሸዋል።

አሞላሉ ብዙ ሰው የሚቻኮልበት ሥራ ነው። የዚርኮን ወይም የክሮማይት አሸዋ ከተራው በግማሽና ከዚያ በላይ ስለሚከብድ ከረጢቱን ከጠረጴዛው ጋር ያጣብቀዋል። ካልተገኘ ታጥቦ በደንብ የደረቀ፣ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ይሠራል። የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ ማስክ አድርገው ደጅ ላይ ይሙሉ። ሩዝና በቆሎ እርጥበት እየሳቡ ያብጣሉ፣ ነቀዝም ይገባባቸዋል፤ የፕላስቲክ ፍሬ ቀላል ነው፣ ይነጥራል። መጀመሪያ ጆሮዎቹን በእንጨት ዘንግ እየጠቀጠቁ እስኪጠነክሩ ይሙሉ፣ ከዚያ ሆዱን በጥቂት በጥቂቱ፣ በየእፍኙ መሬት ላይ መታ መታ እያደረጉ። ሳይዘጉት ያሳድሩት፤ ጠዋት ወርዶ ስለሚገኝ ይጨምሩበት። በአውራ ጣት ሲጫኑት በጥቂቱ ብቻ ይግባ። የፊት ከረጢቱ ግን ከልክ በላይ ከተሞላ መሃሉ ይቆዝርና ጠመንጃውን ያወዛውዛል፤ በሰደፉ ስፋት የተቆረጠ ጣውላ ላዩ ላይ አድርገው በእንጨት መዶሻ ይደልድሉት።

ሲተከል የመደገፊያው ሹል እግሮች ጠረጴዛውን እንዲነክሱ ተጭነው ያስቀምጡና በውሃ ልክ ያስተካክሉ፤ የእግሮቹን ማሰሪያም ያጥብቁ። ከስር ወፍራም ስፖንጅ አይግባ። የማንገቻው ቀለበት ከረጢቱን የሚነካ ከሆነ ይፈታ። ከዚያ ጠመንጃው ባዶ፣ መዝጊያውም ክፍት ሆኖ አንድ ክብ ላይ አነጣጥረው 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሳቡትና ይመልሱት። የመስቀል ምልክቱ ወደ ጎን ከሄደ ሁለቱ ከረጢቶች ከአፈሙዙ ጋር አንድ መስመር ላይ አይደሉም፤ የኋላውን በትንሽ በትንሹ ወደ ጎን እየገፉ ይድገሙ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢሄድ ከሰደፉ የታችኛው ጠርዝ ዘንበል ማለት ነው፤ የፊት ማቆሚያው (የሰደፉ ጫፍ ሲመለስ የሚነካው ገደብ) በየጥይቱ ወደ አንድ ቦታ ከመለሰው ችግር የለውም። የ.22 ጥይት ፍጥነቱ አነስተኛ ስለሆነ አፈሙዙ ውስጥ ይቆያል፣ ጠመንጃውም ጥይቱ ሳይወጣ መንቀሳቀስ ይጀምራል። አንዴ በስሱ አንዴ በጉልበት የነካ ትከሻ ዒላማው ላይ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጥቦቹ ወደ ላይና ወደ ታች ከተበተኑ ጥይቱን ከመውቀስ በፊት የኋላ ከረጢቱን ጥንካሬ ይመርምሩ። ማነጣጠሪያው በየጥይቱ መካከል ቀስ እያለ ከወረደ የምሰሶው ማሰሪያ እየተንሸራተተ ወይም የፊት ከረጢቱ አዲስ አሸዋ እየሰመጠ ነው። ነጥቦቹ ወደ ግራና ቀኝ ከተለጠጡ ነፋስ ሊሆን ይችላል፤ ነፋስ በሌለበት ሰዓትም ከቀጠለ ጆሮዎቹ ሰፍተዋል። ጠመንጃው ተይዞ በመንጨቅ ከተንሸራተተ ቆዳው እርጥበት ስቧል፤ ጥላ ውስጥ ያድርቁትና ጥቂት ታልክ ፓውደር ያሹት። ዘይት አይቀቡ፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ሰደፉንም ያጣብቀዋል።