የፖርሽ 911 ኤስሲን በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር በቤት ውስጥ እንዴት ማደስ ይቻላል?

እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1983 የተመረተው ፖርሽ 911 ኤስሲ ራዲያተር የለውም። 2,994 ሲሲ ይዘት ያለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የሚያቀዘቅዙት በቺንጋ የሚሽከረከር ትልቅ ቬንትሌተርና ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ዘይት ናቸው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከማግኒዚየም ይሠራ የነበረው የሞተሩ አካል በዚህ ሞዴል ወደ አሉሚኒየም ስለተለወጠ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ሞተር ለሚያድስ ሰው ከቀደምቶቹ ይልቅ ይህ ይሻላል። ፎልክስዋገን ፈትቶ የሚያውቅ ሰው ግራና ቀኝ የተኙትን ሲሊንደሮች ሲያይ እንግዳነት አይሰማውም፤ ይሁን እንጂ ካምሻፍቶቹ (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ዘንጎች) በየቴስታታው (በሲሊንደሮቹ ራስ) በኩል መሆናቸው ሥራውን በእጅጉ ያከብደዋል።

ሞተሩና ካምቢዮው ተያይዘው የሚወርዱት ወደ ታች ነው። ስለዚህ የመኪናው ኋላ በጠንካራ መደገፊያዎች ላይ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ፈጽሞ አይገባም። ባትሪውን ይንቀሉ፤ ዘይቱን ከሞተሩም፣ ከቀኙ የኋላ ጎማ አጠገብ ካለው ታንክም ያፍስሱ፤ የቤንዚን ቱቦዎችን፣ የኤሌክትሪክ መስመሮችንና የፍሪሲዮኑን ገመድ ካላቀቁ በኋላ ሞተሩን በዝግታ ያውርዱት። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታትዎ በፊት ፎቶግራፍ ያንሱ፤ ብሎንና ዳዶዎቹንም ስም በተጻፈባቸው ከረጢቶች ያስቀምጡ። ሞተሩ ከተበተነ ከስድስት ወር በኋላ ማስታወስን ማመን አይቻልም።

ማርሚታው፣ ቬንትሌተሩና አየር የሚመሩት ቆርቆሮዎች ከተነሡ በኋላ የቫልቭ ክዳኖቹን ይክፈቱ። ብዙ ባለቤቶች የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው፦ ተሰብሮ የወደቀ የስታድ (ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለው ረጅም ብሎን) ጫፍ ከነዳዶው ክዳኑ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። እያንዳንዱን ሲሊንደር ከነቴስታታው አጥብቀው የሚይዙት አራት ረጃጅም ስታዶች በመሆናቸው በጠቅላላው 24 አሉ። በታች በኩል ያሉት 12ቱ ዲላቫር ከሚባል ቅይጥ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ የተመረጠውም ሲሞቅ የሚለጠጥበት መጠን ከአሉሚኒየሙ ጋር ስለሚቀራረብ ነበር። ዳሩ ግን እርጥበትና ዝገት ሲያገኙት በጥቃቅን ስንጥቆች እየተዳከመ ድንገት ይበጠሳል። አንዱ ብቻ ቢሰበርም እንኳ 12ቱንም በብረት ስታድ መለወጥ ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም የቀሩትም ዕድሜያቸውና የኖሩበት ሁኔታ አንድ ነው። ሲያወጧቸው በቀዝቃዛው አያስገድዱ። ጥርሳቸው በማጣበቂያ ስለተያዘ የስታዱን ሥር በጋዝ ችቦ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የአሉሚኒየሙ ጥርስ አብሮ ተነቅሎ ይወጣል።

የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከተለያዩ በኋላ የሚመጣው ሥራ ማጠብና መለካት ነው። የክራንክሻፍቱን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) አንገቶች በማይክሮሜትር ይለኩ፤ ብሮንዚኖቹን (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ስስ መደገፊያዎች) ይለውጡ፤ በዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረ ቆሻሻ አዲሱን ብሮንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚበላ በብሩሽና በታመቀ አየር ደጋግመው ያጽዱ። የቴስታታዎቹን የቫልቭ መሪዎችና መቀመጫዎች ግን ለባለሙያ ቶርኖ ቤት ይስጡ። ሲሊንደሮቹም ኒካሲል ወይም አሉሲል የተባለ ልዩ ገጽ ስላላቸው እንደ ተራ የብረት ሲሊንደር አይሞረዱም፤ ከልካቸው ከወጡ ይለወጣሉ።

ሲገጥሙ በመጀመሪያ ቢየላዎቹን (ፒስቶኖቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኙትን ክንዶች) በአዲስ ብሎንና ዳዶ ከክራንክሻፍቱ ጋር ያሰሩ፤ አሮጌ የቢየላ ብሎን አንዴ ተለጥጧልና ዳግመኛ አይታመንም። በሁለቱ ግማሾች መካከል ጓርኒሲዮን የለም፤ የሚገባው በስሱ የሚቀባ ማሸጊያ ነው፤ እርሱም ሳይደርቅ መዘጋት ስላለበት ሁሉም መሣሪያ አስቀድሞ በእጅ አጠገብ ይሁን። ከመዝጋትዎ በፊት ሁለቱ የካምሻፍት ካቴናዎች በመካከለኛው ዘንግ ላይ መኖራቸውን ያረጋግጡ። እኔ አንድ ጊዜ አንዱን ረስቼ ማሸጊያውን ሁሉ ፍቄ እንደገና ጀምሬአለሁ። ከዚያ በኋላ በአካሉ ውስጥ የሚያልፉትን ረጃጅም ብሎኖች ከመካከል ወደ ዳር እየሄዱ በቶርክ መፍቻ በ35 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።

ፒስቶኖቹን ሲያስገቡ የፋሻዎቹ ክፍተቶች በአንድ መስመር እንዳይውሉ ያዟዙሯቸው። ስፒኖቶውን (ፒስቶኑን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘውን ፒን) የሚይዘው ትንሽ ቀለበት ከእጅ አምልጦ ወደ ሞተሩ ሆድ እንዳይገባ ክፍቱን በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑት። የቴስታታዎቹንም ዳዶዎች በደረጃ እያጠበቁ እስከ 32 ኒውተን ሜትር ያድርሱ።

ትዕግሥት የሚፈተነው በካምሻፍቶቹ ላይ ነው። በክራንክሻፍቱ ፑሊ ላይ ያለውን፣ የአንደኛው ሲሊንደር ፒስቶን ከላይ መድረሱን የሚያሳየውን ዜድ 1 (Z1) ምልክት ከአካሉ መጋጠሚያ ጋር ያስተካክሉ፤ ካምሻፍቶቹን በምልክታቸው መሠረት ያስቀምጡ፤ ከዚያም በአንደኛው ሲሊንደር የአየር ማስገቢያ ቫልቭ ላይ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለ ሰዓት መሣሪያ) አሥረው፣ ክራንክሻፍቱን አንድ ሙሉ ዙር በማዞር ቫልቩ የተከፈተበትን መጠን ያንብቡ። ንባቡ በመኪናው የምርት ዓመት መመሪያ ከተሰጠው ልክ ውጭ ከሆነ ካቴናው በሚያዞረው ባለ ጥርስ ጎማ ላይ ያለችውን ፒን ወደ ሌላ ቀዳዳ አዛውረው እንደገና ይለኩ። የቀኙን ወገን በአራተኛው ሲሊንደር ይድገሙ። ሲያዞሩ መፍቻው ድንገት ከከበደ ወዲያውኑ ያቁሙ፤ ፒስቶንና ቫልቭ ተነካክተው ይሆናል።

የ12ቱን ቫልቮች ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.10 ሚሊ ሜትር ያድርጉ። ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ቅደም ተከተል 1-6-2-4-3-5 ስለሆነ፣ ከአንዱ ሲሊንደር ወደሚቀጥለው ለመድረስ ፑሊውን በ120 ዲግሪ ማዞር ይበቃል።

ሞተሩ ወደ ቦታው ሲመለስ በቁልፍ ለማስነሣት አይቸኩሉ። ካንዴላዎቹን አውጥተው፣ ቤንዚኑንና የእሳት መስመሩን አቋርጠው፣ የዘይት ግፊት ጠቋሚው እስኪነሣ ድረስ በማስነሻ ሞተሩ ያሽከርክሩት። ከተነሣ በኋላ መንጠባጠብ መኖሩን ሲሊንደር በሲሊንደር ይመርምሩ፤ ከመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር በኋላም ዘይቱን ለውጠው የቫልቮቹን ክፍተት እንደገና ይለኩ።