የታደሰ ሞተር በወሩ ለምን ጭስ ይጀምራል?

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ዲኤክስ ኮሮላውን ይዞ ጋራዥ መጣ። ገና ከበሩ ሳይገባ ሰማያዊ ጭስ ሲከተለው አየሁ። መኪናዋ ላይ የተገጠመው ፎር-ኤ-ጂ-ኢ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ይሠራው የነበረው፣ 1,587 ሲሲ፣ ባለ 16 ቫልቭ፣ በደቂቃ እስከ 7,500 ዙር ድረስ ያለ ቅሬታ የሚወጣ ሞተር። ከታደሰ ገና ወሩ ነው። ፋሻው (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) አዲስ፣ ፒስተኑ አዲስ፣ ቤሪንጉ አዲስ። ለዕቃው ሶማሌ ተራን ስንት ቀን እንደዞረ ነገረኝ። ያወጣውን ብር ሲነግረኝ ድምፁ ተሰበረ።

"ከታደሰ በኋላ ምን አደረግህ?" አልኩት።

"ምንም ጋሼ። እንዲላመድ ብዬ ነዳጅ ሳልሰጠው ሁለት ቀን ሙሉ ሚኒሞ ላይ አቆየሁት። ከዚያ አንድ ወር በቀስታ ነዳሁት። አንድም ቀን አላስጨነቅኩትም።"

ሞተሩን የጎዳው ይኸው ነው። በዚህ ዓመት ብቻ ተመሳሳይ ነገር ስሰማ አራተኛዬ ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

ሚኒሞ ላይ ማቆየት

ሲሊንደር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበት ቀዳዳ፣ ከቶርኖ ቤት ሲመጣ ውስጡ ለስላሳ አይደለም። ሆን ተብሎ መስቀለኛ ጭረት ይሠራበታል። ጭረቱ ሁለት ሥራ አለው። ዘይት ይይዛል፤ ጫፍ ጫፉ ደግሞ ፋሻውን እየሞረደ ከሲሊንደሩ ጋር ያገጣጥመዋል። ይህ የሚሆነው ፋሻው ግድግዳውን አጥብቆ ሲጫን ነው። የሚጫነው ደግሞ በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም። የተቃጠለው ጋዝ ከፋሻው ጀርባ ገብቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ነዳጅ ስትሰጡ ግፊቱ ይበዛል። ሚኒሞ ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል።

አሁን አስቡት። ሞተሩ ሁለት ቀን ሙሉ ሚኒሞ ላይ ይዞራል። ፋሻው ግድግዳውን በስሱ እየነካ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዘይቱ ጭረቱ ላይ ይጋገራል። ሲሊንደሩ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ጭረቱ አንዴ በዚህ ከተሸፈነ ፋሻው ከእንግዲህ ምኑ ይሞርደዋል? ከዚያ በኋላ ሺህ ኪሎ ሜትር ብትነዱትም ዘይት መብላቱን አይተውም። ፈትታችሁ ሲሊንደሩን እንደገና ማስጫርና ፋሻ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚቀንስ ፋሻውን የሚገፋው ጋዝም ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ የታደሰ ሞተር ሸክም ይፈልጋል። እየራራችሁለት አትግደሉት። ልጁን አልተቆጣሁትም። የሠራለት መካኒክ "ይላመድ፣ አትንካው" ብሎታል። እኔም በጀማሪነቴ የተማርኩት እንደዚያ ነበር። የስንት ሰው ሞተር እንዳበላሸሁበት ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል።

ታዲያ እንዴት ይደረግ? ሞተሩ ተነሥቶ ዘይትና ውኃ አለማንጠባጠቡን አይታችሁ፣ እንደሞቀ ወደ መንገድ ውጡ። እሁድ በጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ከ2,500 ዙር ተነሥታችሁ፣ ነዳጁን ከግማሽ በላይ እየሰጣችሁ እስከ 4,500 ውጡ። ከዚያ እግራችሁን ልቀቁ። ማርሹ ሳይወጣ ዙሩ ራሱ እስከ 2,000 ይውረድ። ስትለቁ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ዘይት ወደ ላይ አምጥቶ የተሞረደውን ብናኝ ያጥባል። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ከ5,000 ዙር በላይ መሄዱ ይቆይ፤ እስከ 500 ኪሎ ሜትር ታገሡ። በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ በዝቅተኛ ዙር እያንቀጠቀጡ ዳገት መውጣት ግን ሸክም ሳይሆን ጉዳት ነው።

ዲኤክሱ ላይ የድሮው ፎር-ኬ ሞተር ካለ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የእሱ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) በሚረጭ ዘይት ነው የሚቀባው። እንደተነሣ ወዲያው 2,000 ዙር ላይ አድርጋችሁ ለ20 ደቂቃ ያዙት። ሚኒሞ ላይ ከተዋችሁት አዲሱ ካም በዚያው ቀን ይበላል።

በነጭ ጋዝ ብቻ ማጠብ

ከቶርኖ ቤት የመጣን ብሎክ ነጭ ጋዝ ረጭቶ፣ በአየር ነፍቶ መግጠም። ይህን ያላደረገ መካኒክ አላውቅም፤ እኔንም ጨምሮ። ነጭ ጋዝ ዘይቱን ያነሣል፣ ጭረቱ የተሠራበትን ድንጋይ ብናኝ ግን ጭረቱ ውስጥ ይተወዋል። ያ ብናኝ ፋሻውንም ቤሪንጉንም ይበላል። በሙቅ ውኃና በኦሞ፣ በብሩሽ እሹት። ነጭ ጨርቅ ስታሳልፉበት ግራጫ ነገር መያዙን እስኪተው ድረስ። ከዚያ አድርቁና ሳይውል ሳያድር ዘይት ቀቡት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ነው ዝገት የሚጀምረው።

በደረቁ ማስነሳት

ካንዴላዎቹን አውጡ፣ ነዳጁንና እሳቱን አቋርጡ። የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በስታርተር ብቻ አዙሩት። አምስት ደቂቃ የማትሞላ ሥራ ናት። አንድ ጊዜ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ይህን ዘልዬ አስነሣሁ። በሦስተኛው ቀን ከታች መንኳኳት ጀመረ። ክራንክሻፍቱን በራሴ ወጪ አሠራሁ።

በመጀመሪያው ቀን ውድ ዘይት መሙላት

ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት ጥሩ ነው፣ ግን ለኋላ። ለመጀመሪያው ጊዜ ተራ ሚኒራል ዘይት ይሁን፤ ርካሽም ነው፣ ቶሎም ይደፋል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ፣ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ፣ ዘይቱንም ፊልትሮውንም ቀይሩ። ከዚያ 500 ላይ፣ ከዚያ 1,500 ላይ። የወጣውን ፊልትሮ አትጣሉ። ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉና በፀሐይ እዩት። ጥቂት ብልጭ ብልጭ የሚል ብናኝ ይጠበቃል። በጣት የሚዳሰስ ስብርባሪ ካለ ግን መኪናዋ ከዚያ አትንቀሳቀስ።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል

ይህን ልማድ ማን እንዳመጣው ባውቅ ደስ ይለኛል። "አገሩ ሙቀት ነው፣ አያስፈልግም" ይላሉ። አዲስ አበባ በሐምሌ ሙቀት ናት? ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውኃ ዘግቶ ቆይቶ 82 ዲግሪ ላይ የሚከፍተው ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ነው። ከወጣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይውላል። ኮምፒዩተሩም ገና አልሞቀም ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። የበዛው ነዳጅ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋል። አዲስ ፋሻ ላይ!

ሞተር የሚያግለው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፦ የራዲያተሩ ክዳን። በእኛ ከፍታ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ግፊቱን የሚይዘው ክዳኑ ነው። ላስቲኩ ከደረቀ ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ውኃው ይፈላል። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ።

የኮምፕሬሽን ቁጥር አይቶ መደንገጥ

የጥገና መጽሐፉ ላይ ያለው የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበት ግፊት) ቁጥር ለባሕር ዳርቻ ነው። እዚያ 180 ፒኤስአይ የሚያነብ ሞተር እዚህ 135 አካባቢ ቢያነብ አትደንግጡ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። ከአሥር በመቶ በላይ ከሆነ ያን ጊዜ እንነጋገር። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ሞተር ሲፈታ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

አዲስ አበባ ላይ ቃኝቶ አዳማ መክነፍ

ሞተሩ ሳይላመድ አትቃኙ፣ ማለትም ነዳጁንና የእሳቱን ጊዜ አታስተካክሉ፤ ፋሻው ሳይገጥም የምታነቡት ቁጥር ነገ ይለወጣል።

ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) በጆሮ አትያዙ። በፎር-ኤ-ጂ-ኢ መፈተሻ ሶኬቱን አገናኝታችሁ፣ በታይሚንግ መብራት ሚኒሞ ላይ 10 ዲግሪ መሆኑን እዩ። "ትንሽ ወደፊት ብትገፋው ይስባል" የሚላችሁ ሰው እውነቱን ነው፣ እዚህ ይስባል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ አያንኳኳም። በተለይ መንታ ካርቡራተር የገጠማችሁ ልብ በሉ። እዚህ ነዳጅ ስለሚበዛባችሁ ጂግለሩን (የካርቡራተሩን የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ) ታሳንሳላችሁ፤ ልክ ናችሁ።

ከዚያ ቅዳሜ ይመጣል። ጓደኞች ይሰበሰባሉ። በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ትወርዳላችሁ። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዋሽ ደግሞ ከዚያም በጣም ዝቅ ትላለች። በወረዳችሁ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃል። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም። ነዳጁ ለአየሩ ያንሳል፣ ወደፊት የተገፋው ታይሚንግ አለ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጧል። በታችኛው መንገድ ላይ ሙዚቃ ከፍቶ ማንኳኳቱን የሚሰማ የለም። አንድ ጊዜ በመጫኛ የተመለሰ ሞተር ፈታሁ። ሦስተኛው ፒስተን አናቱ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው።

ወደ ታች የምትነዱ ከሆነ ታች ሄዳችሁ ቃኙ። ኦክስጅን ሴንሰር ያለው የአየርና የነዳጅ ድብልቅ መለኪያ ግጠሙ። ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ስትሰጡ ከ12.5 እስከ 13 ያንብብ። ጂግለሩን ለአዳማ ምረጡ። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ቢከብዳት፣ ይክበዳት።

የልጁን ሞተር ፈታነው። ሲሊንደሮቹ ፊት ያሳዩ ነበር። ፒስተኑ ደህና ስለነበር እንደገና አስጭረን ፋሻ ብቻ ቀየርን። ብሎኩን በኦሞ ያጠበው እሱ ራሱ ነው፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አልተወውም። እሁድ በ12 ሰዓት ጠዋት አብረን ወጣን። መጀመሪያ ነዳጅ ለመስጠት እግሩ ፈርቶ ነበር። በአምስተኛው ጊዜ ለመደው። አሁን 800 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ትናንት የዘይት መለኪያውን አውጥቶ አሳየኝ። ከላይኛው መስመር ንቅንቅ አላለም። ቅዳሜ አዳማ ወርደን እንቃኛታለን።