ባለሥልጣን ለማሳመን ስንሄድ የምንሠራቸው ስህተቶች

ማዳበሪያ ዘገየ። ድልድዩ ተሰበረ። ለወጣቶች የተባለው መሬት ለሌላ ተሰጠ። ጎጃም ውስጥ የማኅበር ወይም የእድር ኮሚቴ የሆነ ሰው እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ ወረዳ መመላለሱ አይቀርም። ሎቢ፣ ማለትም ባለሥልጣንን ማግባባት፣ የሚባለውም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። አገራችን ውስጥ ለሎቢ ተብሎ ለብቻው የወጣ አዋጅ የለም፤ የተፈቀደውም የተከለከለውም በተለያዩ ሕጎች ውስጥ ተበታትኖ ነው ያለው። ስህተቱ የሚበዛው ለዚህ ይመስለኛል።

«ፖለቲካ ነው» ብሎ መሸሽ

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለ። ታዲያ ፍርሃቱ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621 ነው። ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይገቡ ይከለክል ነበር። እሱ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1113 ተተክቷል። አሁን አንድ ድርጅት ከሥራው ጋር የተያያዘ ሕግ፣ ፖሊሲ ወይም አሠራር እንዲለወጥ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። ሕጉ ከተለወጠ ቆይቷል፤ ፍርሃቱ ግን አለቀቀንም።

የማር ማሰሮ ይዞ መሄድ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ዘንድ ባዶ እጅን ሰው ቤት መሄድ ነውር ነው። ኮሚቴው ማመልከቻውን ያስገባል፤ ኃላፊው በጥሞና ይሰማል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ማሰሮ ማር በጋቢያቸው ሸፍነው ኃላፊው ቤት ብቅ ይላሉ። «ለልጆችዎ ብለን ነው፤ ምን አላት?»

በልባቸው ክፋት የለም። ሕጉ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ተቀባዩ እጅ ላይ የእናንተ ጉዳይ አለ ወይ? ካለ ማሩ ስጦታ መሆኑ ቀረ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881 ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ይጠይቃል። «ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ብንሰጥስ?» የሚሉ አሉ። ሹሙ ለሠራው የመንግሥት ሥራ በኋላ የሚቀበለው ጥቅምም ያው ያስጠይቀዋል። አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ፣ የበዓል በግ፣ በልጁ ሰርግ ላይ የሚሰጥ ወፈር ያለ ፖስታ፣ ሁሉም አንድ ናቸው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የሚያምን ሹም ደግሞ ራሱ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ያ ለፀረ ሙስና የሚነገር ነገር ነው። ማመስገን ካማራችሁ ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ደብዳቤ ስጡት። ማሩን ባያህልም ደስ ይለዋል።

ጉዳይ ገዳይ መቅጠር

«ዞን ላይ ሰው አለኝ፤ ትንሽ ነገር ብቻ አዘጋጁ» የሚል አይጠፋም። ለጠበቃ ከፍሎ አቤቱታ ማስጻፍ ሕጋዊ ነው። የምትከፍሉት ለሰውየው ቅርበት ከሆነ ግን በተሰሚነት መነገድ ነው። ተሰሚነቱ የውሸት ቢሆንም ከወንጀል አያድነውም። ብዙ ጊዜም የውሸት ነው።

ዳኛን እንደ ሌላ ኃላፊ ማየት

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ ላይ ለዳኛው ሽማግሌ አይላክም። ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም እንዳይመራ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ላይ ተቀምጧል። ክርክራችሁን በችሎት፣ ቅሬታችሁን በይግባኝ ጨርሱ።

ፓርቲንና መንግሥትን መቀላቀል

ይሄኛው ስውር ነው። ወረዳ ላይ አንዱ ሰው ሁለት ኮፍያ ሊኖረው ይችላል፦ ጠዋት የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ማታ የፓርቲ ሰው። አዋጅ 1113 የውጭ ድርጅቶችና ኢትዮጵያ ውስጥ በሚኖሩ የውጭ ዜጎች የተቋቋሙ ድርጅቶች፣ በሌላ ሕግ ካልተፈቀደላቸው በቀር፣ የፖለቲካ ፓርቲዎችን እንዳያግባቡ ይከለክላል። አሜሪካ ተመዝግቦ ለትውልድ ቀዬው ትምህርት ቤት የሚሠራ የተወላጆች ማኅበር እንደ ውጭ ድርጅት ሊታይ እንደሚችል ብዙዎች ልብ አይሉም። የአገር ውስጥ ማኅበር ብትሆኑም ደብዳቤውን ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ እንጂ ለፓርቲው ቢሮ አትጻፉ። የማዳበሪያ ስርጭትን የሚመራው መንግሥት ነው።

በቃል ብቻ መጨረስ

«ነግረነዋል እኮ» ማስረጃ አይሆንም። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ሌላው ላይ ቀንና ቁጥር አስመቱና ያዙ። የማከፋፈያ ዝርዝር ወይም የመሬት ውሳኔ ማየት ከፈለጋችሁ በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 590 መሠረት የመረጃ ጥያቄ አቅርቡ፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ከከለከላችሁ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይግባኝ በሉ። ካልሆነ ባሕር ዳር ወዳለው የእንባ ጠባቂ ቅርንጫፍ ሂዱ፤ አቤቱታ በነፃ ነው የሚቀበሉት። ያቺን ቁጥር የተመታባት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሷን ነው።