ወለሉ ተወልውሎ ለምን ያጣብቃል? የጽዳት ጨርቅና ዕቃ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ምልክት፦ ሴራሚኩ ሲደርቅ ጉም የለበሰ ይመስላል፣ በባዶ እግር ሲረገጥ ያጣብቃል፣ በማግስቱም ካልተወለወለው ብሶ ይቆሽሻል።

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ሴራሚክ ባለበት ቤት በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። የቤቱ ሰው ወለሉ አልጠራ ሲለው ኦሞ ይጨምራል፣ ይብሳል፤ በረኪና ይደርባል፣ አሁንም ይብሳል። ሴራሚኩ ምንም አላጠፋም። የሚያጣብቀው ሳይለቀለቅ የደረቀ ሳሙና ነው፤ የእግር አቧራ የሚይዘውም እሱ ነው።

ለማረጋገጥ፣ ንጹሕ ነው በምትሉት ቦታ ላይ አንድ ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉና በጣት እሹት። ካሟለጨ ወይም አረፋ ካወጣ ሳሙና ነው። ካላሟለጨ ጥፋቱን ጨርቁ ላይ ፈልጉ።

ኦሞ የተሠራው ለልብስ ነው፤ ልብስ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። ወለሉን ማንም አይለቀልቀውም፤ ስለዚህ ባልዲው ውስጥ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ለ10 ሊትር ውሃ ያልተቆለለ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ በእፍኝ መበተን ይቅር። መጀመሪያ በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ይሟሟ፣ ከዚያ ባልዲው ውስጥ ይግባ። በቀዝቃዛ ውሃ ላይ የተበተነ ዱቄት ሳይሟሟ ታች ይዘቅጥና በሴራሚኩ መጋጠሚያ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይደርቃል።

ሁለተኛው ጥፋት ጨርቁ ነው። አሮጌ ልብስ ቀድዶ መወልወያ ማድረግ መልካም ነው፣ ጥጥ ከሆነ። ፖሊስተር ውሃ አይጠጣም፤ ቆሻሻውን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየገፋ ይዞራል እንጂ አያነሳም። ጨርቁን በዓይን አትመኑት። አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት፤ ጠብታው ወዲያው ካልሰረገ ለወለል አይሆንም። ካጠራጠራችሁ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና በጣት ሲነካ የሚፈረፈር አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን ይኮማተርና ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ነጋዴው "ንጹሕ ጥጥ ነው" ብሎ የሸጠው ስንቱ ጨርቅ በዚህች ክር ተጋልጧል! የምትገዙ ከሆነ አቡጀዲ ግዙ፤ ከአንድ ሜትር አራት መወልወያ ይወጣል። አዲስ አቡጀዲ ሲሠራ የተቀባው ስታርች ስላለበት ውሃ አልጠጣ ቢል አትደናገጡ፤ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲታጠብ ይለቀዋል።

ሦስተኛው፣ በአንድ ባልዲ ሙሉ ቤት መወልወል ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ስትደርሱ ወለሉን የምትቀቡት በመጀመሪያው ክፍል እጣቢ ነው። ሁለት ባልዲ ያዙ፤ አንዱ ሳሙና ያለበት፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ጨርቁ መጀመሪያ ንጹሑ ውስጥ ተነክሮ ይጨመቃል፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው ይገባል። ንጹሑ ውሃ ጭቃ ሲመስል ይደፋል።

የተከማቸውን ሳሙና ለማንሳት፦ ኦሞ አትንኩ። በ10 ሊትር ሙቅ ውሃ ውስጥ ግማሽ ኩባያ አቼቶ ጨምሩ። ወለሉን ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር እየከፈላችሁ አርጥቡ፣ ሳይደርቅ እሹ፣ በሌላ ጨርቅ ውሃውን አንሱ፣ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ወልውሉ። የጣቱን ፈተና ድገሙት፤ ለብዙ ጊዜ የተጠራቀመ ከሆነ በአንድ ዙር አይለቅም። አቼቶ ለሴራሚክ ብቻ ነው። ሊሾ፣ ቴራዞና እምነበረድ ላይ ካፈሰሳችሁት ፊቱን ይበላዋል፤ የተበላውን የሚመልስ ጽዳት የለም።

ከዚህ በላይ አጥብቀን የምናስጠነቅቀው፦ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በሩ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል፣ ይገድላልም። "አንድ ላይ ሲሆን ይበረታል" የሚለውን ምክር አትስሙ። በረኪናን በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ማስቀመጥም ይቅር፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ምልክት፦ ነጭ ጨርቅ ቀይ አፈር ነክቶት በበረኪና አልለቅ አለ።

ከመርዓዊ እስከ እንጅባራ ያለው አፈር የቀላው በብረት ዝገት ነው። በረኪና ዝገትን አያነጣም፣ እንዲያውም ያጸናዋል። ጭቃው ይድረቅ፣ ይራገፍ፣ ከዚያ በሎሚና በጨው ታሽቶ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ በደንብም ይለቅለቅ። የሎሚው አሲድ ከጨርቁ ሳይወጣ በረኪና አይንካው፤ ከላይ ያለውን አስታውሱ። የደጀንና የቢቸና ዋልካ ደግሞ እርጥቡን ከታሸ ይለጠፋል፤ ደርቆ ይጠረግ።

ምልክት፦ ጨርቁ ታጥቦም ይሸታል።

የክረምት ችግር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ ስለማይገኝ፣ ተጠቅልሎ ባልዲ ጠርዝ ላይ ያደረ ጨርቅ በአንድ ሌሊት ይሸታል። ጥጥ ከሆነ በሳሙና ውሃ 15 ደቂቃ ቀቅሉት፣ ለቅልቃችሁ ነፋስ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ዘርግታችሁ አስጡት። ከምድጃ በላይ አትስቀሉት፤ የጭሱ ሽታ በተራው አይለቅም። የየክፍሉን ጨርቅ በቀለም ለዩ። የሽንት ቤቱ ጨርቅ ወጥ ቤት የሚገባበት ቤት ገጥሞናል፤ ይህ ከሽታው የከፋ ነው።

ምልክት፦ ማይክሮፋይበር (እጅግ ከቀጠነ ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ መወልወያ) ውሃ መጠጣት አቆመ።

የልብስ ማለስለሻ ወይም በረኪና ነክቶታል፣ አለዚያም ተቀቅሏል። ማለስለሻ ከሆነ ያለ ሳሙና በለብታ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ የተቀቀለው አይመለስም።

መስታወት ከተዥጎረጎረ፣ ፀሐይ ላይ ሆኖ ነው የተወለወለው፤ በጥላ ይደገም። ሴራሚክ ላይ የዝገት ነጥብ ከታየ፣ በብረት ሽቦ ተፈትጎ የሽቦው ስባሪ ቀርቶበታል። የመወልወያው ዘንግ የሚወልቅ ከሆነ የፕላስቲክ ጥርሱ ተበልቷል፤ አታስሩት፣ ብረት ጥርስ ያለው ይገዛ።

በመጨረሻ ምጣድ። ማሰሻው ጥጥ ካልሆነ በጋለ ምጣድ ላይ ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ፕላስቲክ ከእንጀራው ጋር ይበላል። ክሩን ሳታቃጥሉ የትኛውንም ጨርቅ ለማሰሻ አትቅደዱ።