የአንድን የሞለኪውላር ባዮሎጂ ተመራማሪ የኅትመት መዝገብ እንዴት እንመዝን

የዶክትሬት አማካሪ የሚፈልግ ተማሪም ሆነ የማዕረግ እድገት ጥያቄ የሚመረምር የኮሚቴ አባል የአንድን ተመራማሪ የኅትመት ዝርዝር ፊቱ ዘርግቶ «ይህ ሰው ለሙያው ምን አበረከተ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የሚመለሰው ጽሑፎቹ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ በመቁጠር ብቻ ሳይሆን፣ ሰውየው በእያንዳንዱ ጽሑፍ ውስጥ የነበረውን ድርሻና ሌሎች የጠቀሱበትን ምክንያት በመመርመር ነው።

በቅድሚያ ዝርዝሩ በእርግጥ የዚያ ሰው መሆኑን ያረጋግጡ። ይህ በተለይ ለኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከባድ ጉዳይ ነው። ጆርናሎች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚመዘግቡ፣ አንዳንዶቹም የአያትን ስም ስለሚወስዱ፣ ስሙም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ፣ አንዱ ሰው በመረጃ ቋት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆኖ ሊቆጠር፣ የብዙዎች ሥራም በአንድ ስም ሥር ሊከማች ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚሰጠው ባለ 16 አሃዝ የኦርኪድ (ORCID) የተመራማሪ መለያ ቁጥር ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል፤ ተመራማሪው መለያ ካለው ከዚያ ይጀምሩ።

ቁጥር ሲወስዱ ከየት እንደወሰዱትና መቼ እንደወሰዱት ይመዝግቡ። የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ የሆነው ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ገና በገምጋሚዎች ያልታዩ ረቂቆችን ጭምር ስለሚቆጥር፣ ጆርናሎችን መርጠው ከሚያካትቱት ከስኮፐስና ከዌብ ኦቭ ሳይንስ የመረጃ ቋቶች አብዛኛውን ጊዜ የበለጠ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ የአንዱን ተመራማሪ ቁጥር ከጉግል ስኮላር፣ የሌላውን ከስኮፐስ ወስዶ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቀጥሎ የደራሲዎቹን ቅደም ተከተል ይመልከቱ። በእኔ እምነት ብዙ ኮሚቴዎች በችኮላ የሚያልፉት ይህንኑ ነው። በሞለኪውላር ባዮሎጂ ልማድ ስሙ መጀመሪያ የሚሰፍረው በአብዛኛው ሙከራውን በቤተ ሙከራ የሠራው ሰው ሲሆን፣ መጨረሻ የሚሰፍረው ደግሞ ሐሳቡን የመራውና ገንዘቡን ያስገኘው የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነው፤ መካከል ላይ ያሉት በአንድ የተወሰነ ክፍል ያገዙ ናቸው። አንድ ሰው በወጣትነቱ በመጀመሪያ ደራሲነት ጽፎ ከጊዜ በኋላ ወደ መጨረሻው ቦታ መሻገሩ የራሱን የምርምር መስመር መመሥረቱን ያመለክታል። በተቃራኒው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች ባሉት የጂኖም ጥናት ውስጥ መካከል ላይ የተሰለፈ ሰው ጽሑፉ እልፍ ጊዜ ቢጠቀስም ድርሻው ጥቂት ሊሆን ይችላል። አሁን ብዙ ጆርናሎች የእያንዳንዱን ደራሲ ድርሻ የሚገልጽ አንቀጽ ያትማሉና እሱን ማንበብ ግምትን ያስቀራል።

የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ኤች ኢንዴክስ የተባለው መለኪያ አሠራሩ ቀላል ነው፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ የብዛታቸውን ያህል ጊዜ የተጠቀሱ ጽሑፎች ትልቁ ቁጥር ነው። የአንድ ተመራማሪ ጽሑፎች 90፣ 40፣ 12፣ 5 እና 3 ጊዜ ቢጠቀሱ፣ አራቱ ቢያንስ አራት አራት ጊዜ ስለተጠቀሱ ኢንዴክሱ 4 ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ከዕድሜ ጋር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ የመጀመሪያውን ደራሲ ከአሥረኛውም አይለይም። ጀማሪን ከአንጋፋ ለማወዳደር አይበጅም።

ዋናው ሥራ ጽሑፉ ለምን እንደተጠቀሰ ማወቅ ነው። ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተሙት የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል፤ አብዛኛው ጠቃሽ ግን «በዚህ ዘዴ ለካሁ» ለማለት የጠቀሰው ነው። ይህ ትልቅ አገልግሎት ቢሆንም አዲስ ግኝት ከማበርከት ይለያል። በሌላ በኩል ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይዝማን እ.ኤ.አ. በ2005 በኢሚዩኒቲ ጆርናል ያወጡት ስለ ኤምአርኤንኤ (ሴል ፕሮቲን የሚሠራበትን መመሪያ ስለሚያደርሰው ሞለኪውል) የሚናገር ጽሑፍ መጀመሪያ እምብዛም ትኩረት አላገኘም፤ ለኮቪድ-19 ክትባቶች መሠረት የሆነው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2023 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ስለዚህ ጥቂት ጠቃሽ ጽሑፎችን ከፍተው የተመራማሪው ስም በዘዴው ክፍል፣ በመግቢያው ጅምላ ዝርዝር ወይስ በውይይቱ ውስጥ እንደሚገኝ ይዩ፤ ተመራማሪው ራሱን የጠቀሰበትንም ለይተው ያስቀምጡ።

ኢምፓክት ፋክተር፣ ማለትም አንድ ጆርናል በቅርብ ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር፣ የጆርናሉ እንጂ የግለሰቡ መለኪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ የተነደፈው ዶራ የተባለው መግለጫም ተመራማሪን ለመቅጠርም ሆነ ለማሳደግ በእሱ መጠቀም እንደማይገባ ይመክራል።

ከታተሙ በኋላ የተሻሩ ጽሑፎች መኖር አለመኖራቸውንም የሕክምናና የሥነ ሕይወት ጽሑፎች የመረጃ ቋት በሆነው በፐብሜድ ይፈትሹ። በዚህ ዘርፍ የጄልና የዌስተርን ብሎት (ዲኤንኤን ወይም ፕሮቲንን ለይቶ የማሳያ ዘዴዎች) ምስሎችን ማጭበርበር ጽሑፎችን ለመሻር ምክንያት ሲሆን ይታያል። ሆኖም የሽረቱን ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ የራሱን ስሕተት አግኝቶ ጽሑፉ እንዲሻር የጠየቀ ተመራማሪ ምስል ካጭበረበረ ሰው ጋር በአንድ ዓይን ሊታይ አይገባም።