ነጠላ የለበሰ ሰው ሲያነሱ ፊቱ እንዳይጨልም

ከጡረታ በኋላ ፎቶ ማንሳት ለጀመሩ፦ ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ አብዛኛውን ፎቶ ሲሞላ ካሜራው ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ፊት ይጨልማል፣ ነጩም ግራጫ ይሆናል። በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቱን ይንኩና የምትመጣዋን የፀሐይ ምልክት በትንሹ ወደ ላይ ይሳቡ። በካሜራ ከሆነ የ+/− ቁልፉን ወደ +0.7 ወይም +1 ያድርጉ። ከዚያ አይለፉ፤ የነጠላው ፈትል አንዴ በብርሃን ከጠፋ በኤዲቲንግ አይመለስም። በቀትር ፀሐይ ግን ሰውየውን ወደ ጥላ መውሰድ ከሁሉም ይሻላል።

የቀረውን ስናፕሲድ (Snapseed) በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ያስተካክሉ፦ አንዱን የፎቶ ክፍል ብቻ የሚያስተካክለውን ሴሌክቲቭን (Selective) ከፍተው ፊቱን ይንኩ፣ ክቡን በሁለት ጣት ፊቱ ላይ ብቻ ያጥብቡ፣ ከዚያ ጣትዎን ወደ ቀኝ እያንሸራተቱ ብርሃኑን ከ20 እስከ 30 ያድርሱት። ሲበዛ ቆዳው አመድማ ይሆናል። ዋናው ፎቶ እንዳይነካ ቅጂውን ለብቻ ያስቀምጡ።